የሺሻው ዕቃ ተቆጠረ፤ ልጆቹስ?

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። መሬት ላይ የተደረደረ የሺሻ ዕቃ፣ ከኋላው የቆሙ ፖሊሶችና ደንብ አስከባሪዎች፣ ከሥሩ ደግሞ «ይህን ያህል ቤት ታሸገ፣ ይህን ያህል ዕቃ ተያዘ» የሚል ጽሑፍ። «በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚፈጸሙ አዋኪ ድርጊቶችን ለመከላከል» ይባልና ዘመቻው ይጀመራል። ዕቃው ተከምሮ ይቃጠላል፣ ቪዲዮው ይለቀቃል፣ ኮሜንት ላይ «በርቱ» ይባላል። በቃ፣ ቀጣይ ዜና።

ዘመቻው መጥፎ ነው አንልም። ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሺሻ ቤት እንዲኖር የሚፈልግ ወላጅ የለም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕቃው ተቆጠረ፤ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆችስ? ስንት ናቸው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? በማግስቱ የት ሄዱ? ከመሃላቸው ማቆም የሚፈልግ ካለስ የት ሄዶ ያቆማል? ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንወርዳለን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

መጀመሪያ በአገር ደረጃ ያለውን እንይ። የ2008 ዓ.ም የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚለው ከ100 ወንዶች 27ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 12ቱ ጫት ቅመው ያውቃሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2007 ዓ.ም ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጮች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከ100 ሰው ወደ 16 የሚጠጋው ጫት ይቅማል፤ 41 ገደማው ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ አልኮል ጠጥቷል። በትምባሆ ላይ ብቻ ያተኮረው የ2008 ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚ አዋቂዎችን ከ100 ሰው 5 አካባቢ አድርጓቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ደግሞ ከ5 ተማሪ አንዱ፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ጫት ይቅማል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ቁም ነገር ቀላል ነው። «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጋንጃ ነው፣ ወይም ቦሌ ኤርፖርት ላይ የሚያዝ ኮኬይን። ወጣቱን በብዛት የያዘው ግን ፖሊስ የሚያሳድደው ነገር አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በየሱቁና በየግሮሰሪው የሚሸጠው ነው፦ ጫት፣ ሲጋራ፣ ቢራ፣ አረቄ።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሚገኘው ቁጥሩ ከሚቆምበት ቦታ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ውጤቱን የሚያወጣው በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ነው፤ አዲስ አበባ እንዳለች አንድ መስመር ናት። የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ የቦሌ ልጅ፣ የፒያሳ ልጅ እዚያ መስመር ላይ አንድ ላይ ተጨፍልቀዋል። ወረዳው በዚህ ቁጥር ምን ሊያደርግ ይችላል? የትኛው ትምህርት ቤት ላይ ችግሩ ከፋ? ከስንተኛ ክፍል ጀመረ? ዘንድሮ ከአምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከዚያ አንድ መስመር የዚህ መልስ አይወጣም።

አቃቂ ቃሊቲ ለምን?

አቃቂ ቃሊቲ ከሌላው ሰፈር የባሰ መጥፎ ልጅ ስላለበት አይደለም። ሱስ ግን ሰፈር ይመርጣል፤ የሚመርጠው ደግሞ የሰዎቹን ጠባይ አይቶ ሳይሆን የቦታውን አቀማመጥና የኑሮውን ሁኔታ ተከትሎ ነው።

ከጅቡቲ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ወደ መሃል ከተማ ከመድረሱ በፊት የሚቆመው እዚህ ነው፣ ቃሊቲ ጉምሩክ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወስደው ዋና መንገድ በዚሁ ያልፋል፤ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። መናኸሪያው አለ፤ የቀላል ባቡሩ መስመር ማብቂያም ቃሊቲ ነው። የወንዶና የጌለምሶ ጫት ወደ ሸገር የሚገባበት አቅጣጫም ይኸው ነው። ሾፌር እንቅልፍ እንዳይወስደው ይቅማል፣ ረዳቱ ያየውን ይከተላል፣ ጭነት አውራጁ ድካሙን ያስታግሳል። ጫት ቤቱ፣ ሲጋራው፣ አረቄው መንገዱን ተከትሎ ይደረደራል። ከዚያ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ በየቀኑ በዚያ በኩል ያልፋል።

ሌላው ፋብሪካው ነው። አቃቂ የኢንዱስትሪ ሰፈር የሆነችው ዛሬ አይደለም፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ የቃሊቲ ምግብ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው። ፋብሪካ ደግሞ ሽፍት አለው። ሌሊት የሚሠራ አባት ቀን ይተኛል፤ ቀን የምትሠራ እናት ማታ ደክማ ትገባለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪመሽ ያለው ሰዓት ባለቤት የለውም።

ሦስተኛው ኮንዶሚኒየሙ ነው። ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ ላይ የተሠሩት ሕንፃዎች ከመሃል ከተማ ብዙ ቤተሰብ አምጥተዋል። የድሮ ሰፈር ላይ የጎረቤት እናት «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? ለእናትህ ነው የምነግራት!» ትል ነበር። አዲሱ ብሎክ ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ከሕንፃው ጋር ቀድሞ የሚከፈተው ምድር ቤት ያለው ሱቅና ግሮሰሪ ነው፤ የኳስ ሜዳውና ቤተ መጻሕፍቱ ቢመጡም ዘግይተው ነው።

«ጫት ብቻ ነው የምቅመው» የሚባለው ነገር

ብዙ ልጆች «እኔ ዕፅ አልጠቀምም፣ ጫት ብቻ ነው» ይላሉ። እስቲ «ብቻ» የሚለውን ቃል እንየው።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በባሕርዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው በኮባ ተጠቅልሎ በፍጥነት የሚጓጓዘው። ሲቃም አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ከፍ ያደርጋል፤ ወሬው ይሞቃል፣ ሐሳቡ ይፈጥናል፣ የማይቻል ነገር የለም። ይሄ ምርቃናው ነው። በምርቃና ሰዓት ሲጋራ ይጥማል፤ ስለዚህ ሲጋራ መጣ።

ከዚያ ይመሻል። ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሆዱ ምግብ አይፈልግም። ምርቃናውን ለመስበር ምን ይደረጋል? ጨብሲ። ቢራ፣ አቅም ከሌለ አረቄ። ስለዚህ አልኮል መጣ። ጠዋት ራስ ምታትና ድብርት ነው፤ ክፍል ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ቅጣት ይሆናል። ከሰዓት ሐራራው ይመጣል፣ እንደገና ቅጠል። ሳይገኝ የዋለ ቀን ደግሞ ሌሊቱን ዱካኩ አለ። «ጫት ብቻ» ያለው ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ነገር ተጠቅሟል። ጫት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ መራቅ ድረስ የሚደርስ የአእምሮ ሕመም ሊያስነሳ ወይም ሊያባብስ ይችላል።

አንዳንዱ ከዚህም ይሻገራል። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሐኪም ትዕዛዝ ሲወሰድ መድኃኒት ነው። ግን የሞርፊን ዘመድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። «ኪኒን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል።

ከሁሉም በታች ያሉት ጎዳና ላይ የሚያድሩት ሕፃናት ናቸው። የእነሱ ማስቲሽ ነው፣ የጫማ ማጣበቂያው። ረሃብና ብርድ ያስረሳል ብለው ይስቡታል። ውስጡ ያለው ኬሚካል አንጎልን ይጎዳል፤ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል፣ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን። ማስቲሽ በየሱቁ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ የትኛውም ዘመቻ ላይ «ተያዘ» ተብሎ ፎቶ አይነሳለትም።

ሕጉ አለ። ከዚያስ?

ሕግ የለም እንዳትሉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጠንካራ ነው። አልኮልም ሆነ ሲጋራ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥ ከልክሏል። ሲጋራን በፍሬ መሸጥ ከልክሏል። ሺሻን ከልክሏል። የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በዚሁ አዋጅ ነው።

ማስታወቂያው ጠፍቷል፣ እውነት ነው። ግን አሁን ከቤት ወጥታችሁ አንድ ፍሬ ሲጋራ ለመግዛት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ሻጩ መታወቂያ ጠይቆ ያውቃል? ትልቁ ድርጅት ሕጉን አከበረ፤ ሕጉ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ሲደርስ ቀረ። ጫት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አዋጁ የዕድሜ ገደብ ያስቀመጠው ለመጠጥና ለትምባሆ ነው እንጂ ለጫት አይደለም። ጫት የሚሊዮኖች ገበሬዎች ገቢ ነው፤ አገሪቱም በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ታገኝበታለች። «ነገ ይዘጋ» ማለት ቀላል ነው። «ለ14 ዓመት ልጅ አይሸጥ» ማለት ግን የገበሬውን ጎሮሮ አይዘጋም። ቢያንስ እዚህ ላይ መስማማት እንችላለን።

ጋንጃውና ሌላው ዕፅ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ሥር ይወድቃል። አንቀጹ ማምረትንና ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይመለከታል። ነጋዴው ላይ ጠንከር ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በሱስ የተያዘውን ልጅ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ለመምህሩ ቢናገር ይባረራል ብሎ ይፈራል። ለቤተሰብ ቢናገር ዱላ ነው። ለመንግሥት ሰው ቢናገር እታሰራለሁ ይላል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ማቆም የሚፈልግ የት ይሂድ?

ዋናው ጥያቄያችን ይሄ ነው። ሺሻ ቤት ሲታሸግ ሱስ አይታሸግም። ልጁ ሐራራውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ክፍል፣ ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። እንዲያውም ከዓይን ይርቃል።

ለሱስ ሕክምና ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠራው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፣ መርካቶ አካባቢ ያለ፣ ከመላው አገሪቱ የአእምሮ ሕሙማንን የሚቀበል ሆስፒታል ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አማኑኤል መድረስ ከተማዋን አቋርጦ መሄድ ነው። መንገዱ ብቻም አይደለም፤ ስሙም ይከብዳል። «አማኑኤል ሄደ» ማለት በሰፈር ቋንቋ «አበደ» ማለት ሆኗል። የትኛው የ17 ዓመት ልጅ ነው ይህንን ስም ይዞ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው? ስለዚህ ቤተሰብ የሚያውቀውን ያደርጋል። ጠበል ይወስዳል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ አገር ቤት ዘመድ ጋ ይልካል። እምነቱ ጉልበት ይሰጣል፤ ከሕክምና ጋር ቢሄድ ደግሞ የበለጠ።

የሚያሳዝነው፣ መፍትሔው ጨርሶ ያልታሰበበት አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን ኤምኤችጋፕ የተባለ ፕሮግራም ከ2002 ዓ.ም ጀምራ ሞክራዋለች። ሐሳቡ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በትልቅ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በተራ ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ነርስና ጤና መኮንን እንዲሰጥ ነው። የአልኮልና የዕፅ ሱስም በፕሮግራሙ ውስጥ ተካትቷል። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እዚሁ ነው። ግድግዳውና ካርድ ክፍሉ አለ። የሚፈለገው ልጁ ሳይሸማቀቅ የሚገባበት አንድ ክፍል፣ የታወቀ ቀን፣ የሠለጠነ ባለሙያና «የነገርከን ፖሊስ ጋ አይደርስም» የሚል ቃል ነው።

አንድ ክፍለ ከተማ የምታክል አገር

«ይሄ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ የአይስላንድን ታሪክ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የአይስላንድ ልጆች ከአውሮፓ በጣም ጠጪዎቹ መካከል ነበሩ። ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆኑት ከ100ው 42ቱ ባለፈው አንድ ወር ሰክረው ነበር፤ 23ቱ በየቀኑ ያጨሱ ነበር። በ2016 ግን የሰከሩት ወደ 5፣ በየቀኑ የሚያጨሱት ወደ 3 ወረዱ።

ምን አደረጉ? መጀመሪያ ቆጠሩ። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ መጠይቅ ሞሉ። ውጤቱ ሼልፍ ላይ አልተቀመጠም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ለራሱ ለትምህርት ቤቱና ለሰፈሩ ወላጆች ተሰጠ። ከዚያ ባዶውን ሰዓት ሞሉት፦ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ ክበብ፣ ለዚያም ለቤተሰብ ድጎማ። ወላጆች ተሰባስበው «ልጆቻችን ማታ ከዚህ ሰዓት በኋላ ውጭ አይሆኑም» ብለው ተስማሙ። በየጊዜው እንደገና ቆጠሩ።

ገንዘብ ነበራቸው፣ አዎ። ልብ በሉ ግን፣ ያኔ የአይስላንድ ሕዝብ ጠቅላላው 330 ሺህ አካባቢ ነበር። አቃቂ ቃሊቲ በ1999ኙ ቆጠራ ብቻ ከ180 ሺህ ሰው በላይ ነበረው፤ ኮንዶሚኒየሞቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም እነሱ እንደ አገር የሠሩት እኛ በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚሠራ ነው። ስም የሌለበት መጠይቅ አባዝቶ መበተን ዶላር አይጠይቅም። ወላጆችን መሰብሰብማ ዕድርና እቁብ ላለው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከክፍለ ከተማው ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዘንድሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስም የማይጻፍበት ጥናት ይደረግ፤ ውጤቱም ለወላጆች ይነገር። ሁለተኛ፣ ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት አንድ ቀን የሱስ ምክር አገልግሎት ይኑር፤ በሩ ላይም ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሁኑ። የታሸጉ ቤቶችን ቁጥር የሚያወጣ ሪፖርት ከጎኑ «ለመታከም የመጡ ወጣቶች ይህን ያህል፣ ያቆሙ ይህን ያህል» የሚል መስመር ይጨምር። ያ መስመር ባዶ ከሆነ ዘመቻው ግማሽ ነው።

ለእናንተ ደግሞ። ጓደኛችሁ ከገባበት «ጀዝባ» አትበሉት። ቃሉ ያስቃል፣ ግን በር ይዘጋል። ካልመረቀነና ካልጠጣ ሰዓት ላይ፣ ብቻውን፣ «ምን ልርዳህ?» በሉት። ጫት ማቆም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ያመጣል፤ እየቀለለ እንደሚሄድ ንገሩት፣ በእነዚያ ቀናት ብቻውን አትተዉት። አልኮል ግን ይለያል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ አቁም» አትበሉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ኪኒን ከመጠጥ ጋር ወስዶ የማይነቃ ሰው ካያችሁ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አትተዉት። በጎኑ አስተኙትና ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

እህት ላላችሁም እንበል። ከላይ ያለውን ቁጥር አይታችኋል፤ ጫት ቅመው የሚያውቁ ሴቶች ከ100ው 12 ናቸው። ወንድ ልጅ ሲሆን «ልጅነት ነው» የሚባለው ለሴት ልጅ «ባለጌ» ይሆናል። ስለዚህ የእሷ ዝምታ ከእሱ ይከፋል። የሚቆጠረው ውስጥ እሷም ትግባ፣ የምክሩ ክፍል በር ለእሷም ይከፈት።

የአቃቂ፣ የቃሊቲ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የቂሊንጦ ልጆች፣ ይህን ጽሑፍ ለወረዳችሁ ወጣቶች ጽሕፈት ቤት አድርሱልን። ከእሱ ጋር አንዲት ጥያቄ ላኩ፦ «እዚህ ሰፈር ዛሬ ማቆም የፈለገ ልጅ ነገ ጠዋት የትኛውን በር ያንኳኳ?»